የአረጋውያን መድኃኒት ማን ይክፈል?

ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው አባቶችና እናቶች መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውም። ካርቱም ሳለን ግን ገንዘብ አጥሯቸው አንዷን ክኒን ገምሰው ለሁለት ቀን የሚያደርጉ ሽማግሌዎች አይተናል።

በሱዳን የጤና መድን ካርድ የነበረው ሰው፣ በመድኑ ዝርዝር ላለ መድኃኒት የሚከፍለው የዋጋውን 25 በመቶ ነበር፤ የ100 ፓውንዱን በ25 ማለት ነው። ሥራ ለሌለው አዛውንት ግን እሱም ይከብዳል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን፣ የድሃውን ቤተሰብ መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነቱ ሲነሳ ብዙዎቻችን ካርዱንም መድኃኒቱንም ጥለን ወጣን። ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ክኒን አትግመሱ፤ መክፈል ካቃታችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ረከስ ያለ ሊያዝላችሁ ይችላል። ባዶ ካርቶኑንም አትጣሉ፤ የመድኃኒቱ ስምና ሚሊግራሙ እዚያ ላይ አለ። ልጆች ደግሞ አንብቡላቸው።