እየዞረ የማይጠብቅ ብሎን

ዘይት በገዛ እጁ የሚለውጥ ሰው ሁሉ ይህችን ቅጽበት ይፈራታል። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን እየጠበቀ፣ እየከበደ ይመጣና ድንገት ይቀልላል። መፍቻው ይዞራል፤ ብሎኑ ግን አይነክስም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ትንሽ ልጨምርለት» ብሎ አንድ ዙር ይደግማል። ያ ዙር ሊተርፍ ይችል የነበረውን ጥርስ ጠርጎ ይጨርሰዋል። የሚሻለው እዚያው ማቆም፣ ከዚያም ብሎኑን በቀስታ ወደ ውጭ እየሳቡ መፍታት ነው። ሲወጣ በጥርሶቹ መካከል ቀጭን ሽቦ የመሰለ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቅሪት ተጠምጥሞ ከተገኘ፣ የተበላው ብሎኑ ሳይሆን ቀዳዳው ነው። አዲስ ብሎን መግዛት አያድነውም።

እንዲህ በድንገት ለምን ይከዳል? ብሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል። ሁለት አካላትን አጣብቆ የሚይዘውም ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ የሚስበው ኃይል ነው። መፍቻው ላይ ከምናሳርፈው ጉልበት ወደዚህ መለጠጥ የሚደርሰው በግምት አንድ አሥረኛው ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን በብሎኑ ራስ ሥርና በጥርሶቹ ላይ ያለው ሰበቃ ይወስደዋል። ስለዚህ በደረቁ እንዲጠብቅ የታሰበ ብሎን ግራሶ ከተቀባ፣ የመፍቻው ጉልበት ሳይጨመር መለጠጡ በብዙ ይጨምራል። ለጥንቃቄ ተብሎ የተቀባ ግራሶ ጥርስ የሚነቅለው በዚህ መንገድ ነው።

ጭነቱም ለጥርሶቹ እኩል አይደርሳቸውም። ለብሎኑ ራስ የቀረበው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን ሲሶ ያህሉን ይሸከማል፤ ወደ ውስጥ በገባን ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ እያነሰ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሲቆረጥ ሸክሙ ወደ ሁለተኛው ይዞራል፤ ሁለተኛው ሲሄድ ሦስተኛው ይከተላል። ብሎኑ ጠንካራ ብረት፣ ቀዳዳው ለስላሳ አሉሚኒየም ስለሆነ የሚሸነፈው ሁልጊዜ ቀዳዳው ነው። ብረት ከብረት ጋር ሲገጥም የብሎኑን ውፍረት ያህል ጥልቀት መንከስ በቂ ሲሆን፣ በአሉሚኒየም ውስጥ ግን አንድ ተኩል እጥፍ፣ አንዳንዴም ሁለት እጥፍ ያስፈልጋል።

ይህን ልክ ሞተር ሠሪዎችም ያሳነሱባቸው ጊዜያት አሉ። ቶዮታ ከእ.ኤ.አ. 2002 ሞዴል ጀምሮ በካምሪ ላይ የገጠመው 2.4 ሊትሩ 2ኤዜድ-ኤፍኢ ሞተር የታወቀ ምሳሌ ነው። ቴስታታውን ከሞኖብሎኩ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች በተለይ በሞተሩ የኋላ ጎን ከአሉሚኒየሙ ጥርሳቸውን ነቅለው ይወጡ ነበር። ውሃ ይጎድላል፣ ሞተሩ ይሞቃል፤ ባለቤቱም ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለ ይመስለዋል። ቶዮታ በኋላ በሠራቸው ሞተሮች የጥርሱን ርዝመት ጨመረው። ፎርድም በትራይተን ሞተሮቹ ላይ ካንዴላው በጥቂት ጥርሶች ብቻ እንዲያዝ አድርጎ ነበርና፣ እየሠራ ባለ ሞተር ላይ ካንዴላው ከነጥርሱ ተፈናጥሮ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ጥርስ በተበላ ቁጥር ጥፋቱን የመጨረሻው መካኒክ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም።

የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ጥፋቱ የሚጠራቀመው ቀስ በቀስ ነው። ሥሩ የሚገባው ሮንዴላ አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ እንዲያሽግ የተሠራ ነው። ሳይለወጥ ሲቀር ዘይት ያንጠባጥባል፤ ማንጠባጠቡን ለማቆም ብሎኑ ይጠበቃል፤ በሚቀጥለው ዘይት ለውጥ ደግሞ ካለፈው አብልጦ ይጠበቃል። በቪትዝና በኮሮላ የተለመደው 12 ሚሊሜትር ብሎን የሚፈልገው ወደ 37 ኒውተን-ሜትር ነው። ይህ በ25 ሴንቲሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል ከመጫን ጋር እኩል ነው። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ላላቸው የሽፋን ብሎኖች ደግሞ 10 ኒውተን-ሜትር አካባቢ ይበቃል፤ በዚያው መፍቻ 4 ኪሎ መሆኑ ነው። መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ የሚያጠብቅ ሰው ግማሽ ሜትር ላይ ሆኖ ሲገፋ ከዚህ ልክ ማለፉን እጁ አይነግረውም። የማጥበቂያውን ጉልበት (ቶርክ) የሚለካ መፍቻን ያህል ዋጋውን የሚመልስ ሌላ የሞተር መሣሪያ አላውቅም።

አሁን ቀዳዳው ተበልቷል እንበል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ከቀዳዳው ወዲያ ያለው ዘይት፣ ውሃ ወይስ ሲሊንደር መሆኑ ነው። ከዚያ ጥልቀቱ በቀጭን ሽቦ ይለካ። ቀዳዳው ከብሎኑ የጠለቀ ከሆነና ከታች ያልተነካ ጥርስ ካለ፣ ትንሽ የረዘመ ብሎን ብቻ ነገሩን ሊፈታው ይችላል። ብሎኑ ግን የቀዳዳውን ወለል እንዳይነካ፤ ከነካ የጠበቀ እየመሰለ ምንም አይዝም። የተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ብሎኑ ሲገባ ዘይቱ መውጫ አጥቶ አሉሚኒየሙን ሊሰነጥቀው ይችላል።

የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፕ ጠምጥሞ መመለስ፣ ሙጫ ሞልቶ ማድረቅ፣ ከፍ ያለ ብሎን በግድ መንዳት የተለመዱ መላዎች ናቸው። ቴፕ ፍሳሽ ያዘገይ ይሆናል እንጂ ጭነት አይሸከምም። ሙጫም ሁልጊዜ በሚፈታና በሚሞቅ ብሎን ላይ አይቆይም። በግድ የተነዳ ብሎን ከሁሉ ይከፋል፤ ጠማማ መንገድ ይቆርጥና ለደህናው ጥገና የሚያስፈልገውን ጤነኛ አሉሚኒየም ይበላል። የተጎዳው የዘይት ማጠራቀሚያው ብቻ ከሆነ ሌላ አግኝቶ መለወጥ ከዚህ ሁሉ መላ ይሻላል።

ትክክለኛው ጥገና ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት ጥርስ ማስገባት ነው። በስፋት የሚታወቀው ሄሊኮይል የሚባለው ሲሆን፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ የሽቦ ጥምዝ ነው። ቀዳዳው በፑንታ ይሰፋል፤ ለ6 ሚሊሜትር ብሎን ወደ 6.3፣ ለ8 ሚሊሜትር ወደ 8.3 ሚሊሜትር። ከዚያ ከስብስቡ ጋር በሚመጣው ልዩ ታፕ አዲስ ጥርስ ይወጣል፤ ጥምዙም ይገባበታል። ብሎኑ የቀድሞው ራሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማስታገሻ ያየዋል፤ እኔ ግን በደንብ ከተሠራ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ይበልጣል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ጥምዙ አሉሚኒየሙን የሚነክሰው በሰፊው ዙሪያ ነው፤ ሽቦውም በጥቂቱ ስለሚተጣጠፍ ጭነቱን ከላይኛው ጥርስ ወደ ታችኞቹ ያካፍላል። ሌላው ዓይነት እንደ ታይም-ሰርት ያለው ድፍን እጅጌ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ከንፈር ስላለው ወደ ውስጥ አይሰምጥም፣ ብሎኑ ሲፈታም አብሮ አይወጣም። ለዘይት ማፍሰሻና ለካንዴላ፣ ማለትም ሁልጊዜ ለሚፈታና ለሚገጠም ነገር፣ ምርጫዬ ይህ ነው።

ሥራው የሚሰምረውም የሚበላሸውም በፑንታው አቀማመጥ ነው። ቀዳዳው ጥቂት ካዘመመ ታፑም ጥምዙም ያንኑ ተከትለው ያዘማሉ፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ራሱ በአንድ ጎን ብቻ ያርፋል። ትራፓኖው ቀጥ እንዲል የሚመራው ነገር ይዘጋጅለት፤ ፑንታው ላይም የጥልቀት ምልክት ይደረግ። ታፑ በእጅ፣ በነጭ ጋዝ እየረጠበ ይዞራል፤ አንድ ዙር ወደፊት ከሄደ በኋላ ግማሽ ዙር ወደኋላ ተመልሶ ብናኙን ይቁረጥ። ጥምዙ ከላይኛው ገጽ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከታች የምትቀረው ትንሽዬ መያዣ ጫፍ ተሰብራ ትወጣለች፤ ይህ ብረት ማግኔት እምብዛም አይስበውምና በቀጭን ፒንሳ መያዝ ይኖርባታል።

ካንዴላ ላይ ጥንቃቄው ይብሳል፤ የሚወድቀው ሁሉ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ፒስተኑ ከታፑ ርቆ ዝቅ ይበል፣ ቫልቮቹ የተዘጉ ይሁኑ፣ የታፑ ጉድጓዶች ብናኙን እንዲይዙ በግራሶ ይሞሉ፣ ታፑም ደጋግሞ ወጥቶ ይጠረግ። መጨረሻ ላይ በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ያስፈልጋል። ካንዴላን ለወትሮው ሲፈቱም ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ሲገጥሙ የላስቲክ ቱቦ ጫፉ ላይ ሰክቶ በጣት ማስገባት ይመረጣል፤ ጥርሱ ከተሳሳተ ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ አይቆርጥም።

የቴስታታ ብሎን ቀዳዳ ግን በቤት ውስጥ ባይሞከር እላለሁ። የፍንዳታው ግፊት የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ቀዳዳዎቹም እርስ በርስ ፍጹም ትይዩ መሆን አለባቸው። በ2ኤዜድ-ኤፍኢ ላይ አንድ ብሎን ከተነቀለ የቀሩት ዘጠኙም በዚያው አጭር ጥርስ የተያዙ ስለሆኑ አሥሩንም በአንድ ጊዜ በእጅጌ ማጠናከር ነው የሚያዋጣው። ሥራውን ለቶርኖ ቤት ስትሰጡ ቀዳዳውን በመምሪያ ሰሌዳ እንደሚያሰፋ፣ የሚያስገባው እጅጌም ከቀድሞው ጥርስ የረዘመ መሆኑን ጠይቁ፤ አዲስ የቴስታታ ብሎኖችም አብራችሁ ግዙ፣ አሮጌዎቹ ተለጥጠዋልና።