ሸማኔውና ቺፕ ሠሪው፤ ስለ ትእዛዝና ስለ ክምችት

ከአንኮበር ሥር የምትገኘው አሊዩ አምባ ባለፈው ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ ነበረች። የአካባቢዋ አርጎባዎች ከንግድ ሌላ በሽመና የታወቁ ናቸው። የስልክና የኮምፒዩተር ልብ የሆነውን ቺፕ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ትእዛዝን፥ ሥራንና ክምችትን እንዴት እንደሚያመዛዝኑ ለመግለጽ ከዚህ ሙያ ብንነሣ ነገሩ ይቀልልናል።

ሸማኔ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ ባለቤቲቱ ያስፈተለችውን ፈትል ተቀብሎ የእጁን ዋጋ ብቻ ያገኛል፤ ጋቢው ሳይለበስ ቢቀመጥ ጉዳቱ የእርስዋ ነው። ሌላው ፈትሉን በገንዘቡ ገዝቶ ለገበያ ይሠራል፤ ገዢ ሲጠፋ ዕቃው በእጁ ይቀራል። የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. እንደ ፊተኛው በሰው ንድፍ፥ በሰው ትእዛዝ ይሠራል። የማስታወሻ ቺፕ የሚሠሩት ሳምሰንግና ማይክሮን ግን ወደ ኋለኛው ያደላሉ፤ በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ገበያው ሲቀዘቅዝ ክምችቱ በእነርሱ ላይ ወደቀ፤ ዋጋውም ረከሰ፤ በ2023 ሁለቱም ሥራቸውን ቀንሰው ነበር።

ሸማኔው ትእዛዝ ሲያጣ ወደ እርሻው ይሄዳል። ዘመናዊ የቺፕ ፋብሪካ ግን ለማቋቋም ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፥ ሠራም ቆመም ወጪው አይቀርለትም፤ ስለዚህ ሌሊትና ቀን መሥራት አለበት። ከዚህም በላይ አንድ ቺፕ ተጀምሮ እስኪያልቅ ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ዛሬ የሚጀመረው ሥራ ገና ላልታየ ገበያ ነው።

በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የመኪና ኩባንያዎች ገዢ ይጠፋል ብለው ትእዛዛቸውን ቀነሱ። ቦታውን ኮምፒዩተርና ስልክ ሠሪዎች ያዙት። የመኪና ፈላጊ ሲበዛ ተመልሰው ቢመጡ ተራው አልፎአቸው ነበር፤ በ2021 ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ለጊዜው ቆሙ። ከዚያ ወዲህ የፈራ ደንበኛ ሁሉ ከሚያስፈልገው በላይ ያዝ ጀመር፤ ለበዓል ቀሚስ እንዳይቀርባት ለሁለት ሸማኔ እንደምታዝ ሴት ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ፋብሪካው የትእዛዙን መዝገብ አይቶ ስንት ሰው በእውነት እንደሚፈልግ ማወቅ አይችልምና። ስለዚህም ቺፕ ሠሪዎች የረጅም ጊዜ ውልና፥ እንደ ገበያችን ልማድ፥ ቀብድ መጠየቅ ያዙ።

ሌላም ዘዴ አለ። ፈትል በቁሙ ሲቀመጥ ነጠላም ቀሚስም ሊሆን ይችላል፤ ሸማኔው ድሩን ካደራ በኋላ ግን ወርዱና ርዝመቱ ተወስኖአል። ቺፕ ሠሪዎችም አንዳንዱን ሥራ ሳይታሸግ በመንገድ ላይ አቁመው፥ ቁርጠኛ ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ይጨርሱታል።

ክምችትን በደንበኛው ዘንድ ማስቀመጥም ተሞክሮአል። ቶዮታ ከ2011 የጃፓን የመሬት መናወጥ በኋላ አቅራቢዎቹ ለብዙ ወራት የሚበቃ ቺፕ እንዲያኖሩ አድርጎ ነበርና በ2021 መጀመሪያ ከሌሎቹ ይልቅ ጸና፤ በመስከረም ግን እርሱም ሥራውን ቀነሰ።