ከምስጠራው በፊት ያለው ደጃፍ፦ የፊደል መተየቢያ ሶፍትዌር፣ ክፍት ምንጭ እና የመረጃ ሰጪዎች ምስጢር

መነሻ

በኮምፒውተር በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው በአብዛኛው አንድ ቁልፍ ሲመታ አንድ ፊደል ያገኛል። በግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። የአማርኛ 33 ፊደላት እያንዳንዳቸው በ7 ቅርጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ገና አልተቆጠሩም። ይህን ሁሉ የሚችል የቁልፍ ገበታ ስለሌለ በጣትና በገጽ መካከል ምቶችን ተቀብሎ ወደ ፊደል የሚለውጥ ሶፍትዌር መግባቱ ግድ ነው። ስለ ግል ምስጢር ጥበቃ በሚነገርበት ጊዜ ግን ይህ መካከለኛ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው የጥበቃው ጥያቄ ከዚሁ ሶፍትዌር መጀመር እንዳለበት ማሳየትና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በዚህ ረገድ ምን እንደሚፈይድ ማስረዳት ነው። የፕሮግራም ዕውቀት አያስፈልግም፤ ቋንቋ የሚሰበስብና ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ሊከተለው ይችላል።

መካከለኛው የሚሰማው

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይትና ፍርድይወቅ እና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፎች ለመወከል የተበጀ ነበር። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም የሚሉትን ቁልፎች በተከታታይ የመታ ሰው «ሰላም» የሚለውን ቃል ያገኛል። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቋሚ ስፍራ ካገኘ በኋላም የመተየቢያው አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ሶፍትዌሩ ያለፈውን ምት አስታውሶ ከሚቀጥለው ጋር ያዋሕዳል። ስለዚህ የምንጽፈውን ሁሉ ማየቱ የሥራው ጠባይ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ አዲስ መተየቢያ ስናበራ የሚመጣው ማስጠንቀቂያም ይህንኑ ይናገራል፦ መተየቢያው የይለፍ ቃልንና የባንክ ካርድ ቁጥርን ጨምሮ የሚጻፈውን ሁሉ ሊሰበስብ እንደሚችል። አብዛኞቻችን ሳናነብ «እሺ» ብለን እናልፋለን።

ሲግናል ወይም ዋትስአፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ እንዳላቸው የሚያውቅ አንባቢ ይህ በቂ መስሎት ይሆናል። ምስጠራው ግን የሚጀምረው ጽሑፉ ከመተየቢያው ከወጣ በኋላ ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ጉዳዩን የሚያስጽፍ ባለጉዳይን እናስብ። ፖስታው በሰም ቢታሸግም ጸሐፊው ነገሩን ከነዝርዝሩ ሰምቶታል። ጸሐፊው ምስጢር ጠባቂ ሊሆን ይችላል፤ ማኅተሙ ግን ስለ እርሱ ምንም አይነግረንም።

ይህ ሥጋት በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ስዊፍትኪ የተባለው መተየቢያ ለአንዳንድ ተጠቃሚዎች የማያውቋቸውን ሰዎች የኢሜይል አድራሻ በጥቆማ መልክ ሲያቀርብ በመገኘቱ የማመሳሰያ አገልግሎቱን ለጊዜው አቋርጦ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ኤአይ ታይፕ የተባለ መተየቢያ ከ31 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ተጠቃሚዎቹን መረጃ ያለ ይለፍ ቃል በሰርቨር ላይ አስቀምጦ ተገኘ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የቻይንኛ ጉዳይ ነው፤ እዚያም ፊደላቱ ከቁልፎቹ እጅግ ስለሚበዙ ያለ መካከለኛ መጻፍ አይቻልም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባወጣው ጥናት የዘጠኝ ኩባንያዎችን የቻይንኛ መተየቢያዎች መርምሮ በስምንቱ ላይ ጉድለት አግኝቷል። መተየቢያዎቹ የተሻለ የፊደል ጥቆማ ለማምጣት ምቶቹን ወደ ሰርቨር ይልኩ ነበር፤ ምስጠራቸው ደካማ በመሆኑም መሥመሩን የሚከታተል ሌላ ወገን የተጻፈውን ማንበብ ይችል ነበር።

ለምን ወደ ሰርቨር መላክ ያስፈልጋል? እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ ሥነ ምዕላድ ይገባል። «አልመጣችላቸውም» የሚለው አንድ ቃል አሉታን፣ ባለቤትንና «ለእነርሱ» የሚለውን ሐሳብ አጣምሮ ይዟል። እንዲህ ባለ ቋንቋ የቃላት ዝርዝር ብቻ ይዞ ቀጣዩን ቃል መገመት አይቻልም፤ ወይ የምዕላድ ተንታኝ መሥራት፣ ወይም ከብዙ ሰው ጽሑፍ መማር ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ ርካሽ ስለሆነ የመተየቢያ ሠሪዎችን ይፈትናል ብዬ አምናለሁ። በእርግጥ በስልኩ ውስጥ ብቻ የሚማሩም አሉ።

በመስክ ሥራ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በቀላሉ ይታያል። አንዲት መረጃ ሰጪ ስለ መሬት ክርክር ስትተርክ ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃ ተመራማሪው ቃል ገባ እንበል። በማስታወሻው ላይ ስሟን በቁጥር ተክቷል፤ ይሁን እንጂ ቀድሞ ለባልደረባው «እገሊትን ነገ አገኛታለሁ» ብሎ ጽፎ ስለነበር መተየቢያው ስሟን ከመንደሯ ስም ጋር ተምሮታል። ስልኩን የተዋሰ ሰው ሁለት ፊደል ሲመታ ስሟ ብቅ ይላል።

ምንጩን ማንበብ

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት የተጻፈበት ኮድ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያርመውና እንዲያባዛው የተፈቀደ ሶፍትዌር ነው። ለአብዛኛው ሰው «ማንም ሊያነበው ይችላል» የሚለው ባዶ ተስፋ ይመስላል። በመተየቢያ ረገድ ግን የቋንቋ ባለሙያ ከሌላው ሰው የተሻለ ዕድል አለው። በኤስ.አይ.ኤል. ሥር የሚዘጋጀው ክፍት ምንጭ ኪማን መተየቢያዎቹን የሚገልጸው በደንብ መልክ ነው፦ ከፊት ይህ ፊደል ካለና ይህ ቁልፍ ከተመታ፣ ያኛው ይተካ። ይህ በሥነ ድምፅ ትምህርት ከለመድነው አውድ ጠሪ የለውጥ ደንብ እምብዛም አይለይም። በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ኤምሰቨንቲንኤን ቤተ መጻሕፍትም የሴራን ሥርዓት የያዘው ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ በሆነ ፋይል ነው። አንድ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ሊያነበው፣ የጎደለ ዲቃላም ሊጨምርበት ይችላል።

ሆኖም ደንቡን ማንበብ ደንቡን የሚያስፈጽመውን ሞተር ማንበብ አይደለም፤ የተነበበው ምንጭና በስልካችን ላይ የተጫነው ጥቅልም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የብራና ጽሑፍ ያጠና ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል፤ እናቱ ቅጂ ንጹሕ ሆና ግልባጩ ላይ የተጨመረ ቃል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሥውር መግቢያውን ሥራ ላይ የሚያውለው ቁራጭ የተገኘው በይፋ ከሚነበበው የምንጭ ማከማቻ ሳይሆን በተሠራጨው ጥቅል ውስጥ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ሲመረምር ደረሰበት። ምንጩ ክፍት ባይሆን ኖሮ ያን መዘግየት ተከታትሎ ሥሩ መድረስ እጅግ ይከብድ ነበር፤ ክፍት መሆኑ ግን አስቀድሞ አልተከላከለለትም። ኤፍድሮይድ የተባለው የአንድሮይድ መተግበሪያዎች ማከማቻ በአብዛኛው ከሠሪው የተላከውን ጥቅል ከማሠራጨት ይልቅ ራሱ ከምንጩ መገንባትን የመረጠው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

በተግባር ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በተለመደው አንድሮይድ ኢንተርኔት የመጠቀም ፈቃድ ለመተግበሪያ የሚሰጠው ተጠቃሚው ሳይጠየቅ ነው። ስለዚህ ከመጫን በፊት የፈቃድ ዝርዝሩን ማየት፣ ይህን ፈቃድ የማይጠይቅ መተየቢያ ከተገኘም እርሱን ማስቀደም ይገባል። የመረጃ ሰጪዎች ስምና ቁጥር የሚዛመድበት ሠንጠረዥ ደግሞ በስልክ ባይጻፍ ይሻላል፤ ከኢንተርኔት በተለየ ኮምፒውተር ላይ በሊብሬኦፊስ ተጽፎ በምስጠራ ቢቀመጥ ይመረጣል። የኬንያ የ2019 ሕግም ሆነ የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ማንነት የሚገልጽ መረጃ የያዘን ሰው ኃላፊነት ይጥሉበታል።

የተማሩ ቃላትን ከመተየቢያው፣ ስሞችንም ከተገለበጡ ጽሑፎች ማጥፋት ሲያስፈልግ ፊደላችን ሌላ ችግር ያመጣል። «ኃይሉ» ተብሎ ተፈልጎ የተሰረዘ ስም «ሃይሉ» እና «ሐይሉ» ሆኖ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው የመጨረሻው ፊደል ነው። «አስቴር» ብለን ብንፈልግ «ለአስቴር» እና «አስቴርን» ይገኛሉ፤ «አስቴራችን» ግን ሳድሱ «ር» ወደ «ራ» ስለተለወጠ ከፍለጋው ያመልጣል። ስለዚህ ፍለጋው እስከ «አስቴ» ድረስ ብቻ ተደርጎ የሚመጡት ቃላት አንድ በአንድ በዓይን መታየት አለባቸው፤ «ዓለሙ»ንና «አለሙ»ንም ለየብቻ መፈለግ ያስፈልጋል።