የዕርገት በዓልና ለክርስቲያን ምእመናን ያለው ትርጉም

በሐረር ከተማ የጀጎል ግንብ ካሉት አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ በሆነው ሸዋ በር አጠገብ የሚገኘው ገበያ ሐሙስ ዕለትም እንደ ሌላው ቀን በማለዳ ይሟሟቃል። በዓመት አንድ ሐሙስ ግን ከሻጩና ከሸማቹ መካከል ነጠላ ያጣፉ ምእመናን በበሩ አልፈው ወደ ፈረስ መጋላ፣ ወደ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያቀናሉ። ዕለቱ የጌታችን የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ዕርገት የሚታሰብበት ነው። ከእነዚህ ምእመናን መካከል የመንግሥት ሠራተኞች ቅዳሴው እንዳበቃ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤታቸው ያመራሉ። ዕርገት በኢትዮጵያ እንደ ገና፣ ጥምቀት፣ ስቅለት፣ ትንሣኤና መስቀል ሥራ የሚዘጋበት የሕዝብ በዓል አይደለምና። ጀርመንና ፈረንሳይ፣ እንዲሁም አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነው ኢንዶኔዥያ በዕለቱ ሥራ ይዘጋሉ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዕርገትን ከዘጠኙ ዐበይት የጌታ በዓላት አንዱ አድርጋ ታከብራለች። በዓሉ ከትንሣኤ ጀምሮ ሲቆጠር በአርባኛው ቀን የሚውል በመሆኑ ከሐሙስ ፈጽሞ አይወጣም፤ ቀኑ ግን ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 6፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 21 ቀን የዋለ ሲሆን በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ግንቦት 13 ቀን ሆኗል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት መሠረት ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊትም ሆነ ከሚያዝያ 30 በኋላ ስለማይውል፣ ዕርገትም ከግንቦት 5 እስከ ሰኔ 9 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል። የቢሮ ዕቅድ የሚያወጡ ኃላፊዎች ይህን ድንበር ቢያውቁት አይከፋም።

በዓሉን በሚመለከት በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። የሚወዱት ሰው ሲለይ ያዘነ እንጂ ደስ ያለው አይታይም፤ ታዲያ የመለየት ቀን እንዴት በዓል ሊሆን ቻለ? ወንጌላዊው ሉቃስ በወንጌሉ መጨረሻ እንደዘገበው፣ ጌታ ቢታንያ አጠገብ ደቀ መዛሙርቱን እየባረካቸው ሳለ ከእነርሱ ተለየ፤ እነርሱም የተመለሱት በታላቅ ደስታ እንጂ በልቅሶ አልነበረም። የዕርገት ትርጉም ሁሉ በዚህ ደስታ ምክንያት ላይ የተመሠረተ ነው።

የቤተ ክርስቲያኗ ሊቃውንት የሚሰጡት ዋነኛ መልስ ከምሥጢረ ሥጋዌ ይነሣል። በተዋሕዶ ትምህርት መሠረት ወልድ በመለኮቱ ከአባቱ የተለየበት ጊዜ የለም፤ ወደ ምድር ሲመጣ ሰማይን ባዶ አላደረገም። በመሆኑም ዕርገት ማለት ርቆ የነበረ አምላክ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት አይደለም። አዲሱ ነገር ከድንግል ማርያም የነሣው፣ የተራበው፣ የደከመው፣ በችንካር የተወጋው ሥጋ ከመለኮት ጋር እንደ ተዋሐደ ማረጉ ነው። ከገነት የተባረረው የአዳም ባሕርይ ከመላእክት በላይ ከፍ አለ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ለዚሁ በዓል ባደረገው ስብከት ያተኮረው በዚሁ ነጥብ ላይ ነበር። ሰው የሚደሰተው የተለየው ወገኑ የራሱን ሥጋ ይዞ ስለ ገባ ነው።

ሊቃውንቱ በዚሁ አንጻር በቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ያጠነክራሉ። ሄኖክ ተሰወረ፣ ኤልያስም በእሳት ሠረገላ ተወሰደ ይባላል፤ ሁለቱም በሌላ ኃይል የተነሡ ናቸው። ክርስቶስ ግን በገዛ ሥልጣኑ ዐረገ ተብሎ ይታመናል። ነሐሴ 16 ቀን የሚከበረውን የእመቤታችንን ዕርገትም ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ዐይን ትመለከተዋለች፤ እርሷ ያረገችው በልጇ ሥልጣን ነው።

በአባቱ ቀኝ ተቀመጠ የሚለው አገላለጽም በቁሙ ሲወሰድ ለስሕተት ይዳርጋል። ለእግዚአብሔር የአካል ቀኝና ግራ የለውም፤ ቀኝ የክብርና የሥልጣን መግለጫ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው የመንግሥት ማዕረግ ቀኝ አዝማች ከግራ አዝማች ይበልጥ ነበር። ይሁንና ምሳሌው እስከ ጫፍ አይሄድም፤ ቀኝ አዝማቹ ከንጉሡ በታች የሚታዘዝ ሹም ሲሆን፣ የወልድ ቀኝ ግን ከአብ ጋር ያለውን የክብር እኩልነት ያመለክታል።

ከትንሣኤ እስከ ዕርገት ያሉት አርባ ቀናትም ባዶ የመሰናበቻ ጊዜ አልነበሩም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 እንደተገለጸው ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ እየተገለጠ ስለ እግዚአብሔር መንግሥት ነገራቸው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በዚህ ወቅት የተሰጠው ትምህርት በመጽሐፈ ኪዳን ተጽፎ ይገኛል፤ መጽሐፉም ከቤተ ክርስቲያኗ ቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል። በየቤተ ክርስቲያኑ በማለዳ የሚደርሰው የኪዳን ጸሎት ከዚሁ ትምህርት እንደ ወረደ ይታመናል። ስለዚህ ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት ኪዳን አድርሶ የሚሄደው ምእመን፣ ልብ ቢለው፣ የአርባውን ቀን ትምህርት ዕለት ዕለት ይሰማል። አርባ ቁጥር በኢትዮጵያውያን ኑሮ ውስጥ ያለውም ስፍራ የታወቀ ነው፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ ለሞተም ሰው በአርባው ተዝካር ይወጣል።

በደብረ ዘይት ተራራ ላይ የተከናወነው የመጨረሻው ንግግር ደግሞ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ደቀ መዛሙርቱ የእስራኤል መንግሥት የምትመለሰው አሁን እንደሆነ ጠየቁ። የተሰጣቸው ምላሽ ዘመኑን ማወቅ የእነርሱ ድርሻ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ኃይል ተቀብለው ከኢየሩሳሌም እስከ ምድር ዳር ምስክሮች እንደሚሆኑ የሚገልጽ ነበር። ደመና ከሰወረው በኋላም ወደ ሰማይ አንጋጠው ሲቀሩ ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ለምን እንደቆሙ ጠየቋቸው፤ እንደ ሄደ እንዲሁ ተመልሶ እንደሚመጣም ነገሯቸው። ወደ ከተማ ከተመለሱ በኋላ የፈጸሙት ጉዳይ ለአስተዳደር ሰዎች ትኩረት የሚስብ ነው። መቶ ሃያ ያህል ሰዎች በተሰበሰቡበት ጴጥሮስ የይሁዳን ክፍት ቦታ የመሙላት ጉዳይ አነሣ፤ የዕጩው መመዘኛ ተነገረ፣ ዮሴፍና ማትያስ ቀረቡ፣ ተጸልዮ ዕጣ ተጣለ፣ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ።

የሐረር ምእመናን ይህን በዓል የሚያከብሩት 82 መስጊዶች ባሉባት ከተማ ውስጥ ነው። የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታነጸ ሲሆን፣ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሸዋ በር በሐረሪዎች ዘንድ አስማዲን በሪ በመባል ይታወቃል። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ከተማዋ ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ እጅ ከገባች ወዲህ፣ ቀድሞ በግብፆች ዘመን መስጊድ በነበረበት ስፍራ ነው። ይህ ታሪክ የሚዘነጋ አይደለም፤ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ ግንብ ውስጥ ጎረቤት ሆነው የኖሩትም ይህንኑ እያወቁ ነው።

ስለ ዕርገት ጎረቤታሞቹ በከፊል ይስማማሉ፣ በከፊል ይለያያሉ። ቅዱስ ቁርኣን ነቢዩ ዒሳን አላህ ወደ ራሱ ከፍ እንዳደረጋቸው ይናገራል፤ ሙስሊሞችም ከዓለም ፍጻሜ በፊት ተመልሰው እንደሚመጡ ያምናሉ። ሆኖም እስልምና ስቅለቱን አይቀበልም፤ ዒሳም ነቢይ እንጂ የአምላክ ልጅ አይደሉም ይላል። ለክርስቲያኑ ያረገው የተሰቀለውና ከሙታን የተነሣው ራሱ በመሆኑ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ በትሕትና ስም ሊሸፈንም አይገባውም። በኢየሩሳሌም ደብረ ዘይት ላይ የሚገኘው የዕርገት ጸሎት ቤት ከ1187 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙስሊሞች ይዞታ ሥር ሲሆን፣ በበዓሉ ቀን የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት በግቢው ጸሎት ያደርሳሉ።

ከዕርገት በኋላ አሥር ቀናት ተቆጥረው፣ ከፋሲካ በሃምሳኛው ቀን እሑድ የጰራቅሊጦስ በዓል ይውላል። እስከዚያ ድረስ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ስለማይጾም ቅዳሴው እንደ ጾም ወራት ከቀትር በኋላ ሳይሆን በማለዳ ይከናወናል፤ የዕርገት ዕለት አስቀድሶ በሥራ ሰዓት ቢሮው መገኘት የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ከሰኞ ጀምሮ ግን የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ የቅዳሴው ሰዓት ይለወጣል።