የተበጠሰ ሊንክ ገዢ ያርቃል

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ብርሃን በብርድ ልብሷ ትታወቃለች። የከተማዋ ነጋዴ ዕቃውን በድረ ገጽ ቢያቀርብ የመርካቶ ገዢ የሚደርስበት በሊንክ ነው። አድራሻው በየገጹ በእጅ ከተጻፈ፣ የክፍሉ ስም በተለወጠ ቁጥር ያልታረመው ሊንክ «404» ይላል፤ ገዢውም ወደ ሌላ ሱቅ ያመራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ባለሙያ ለየገጹ ስም ሰጥቶ አድራሻውን በአንድ መዝገብ ያኖራል። ሊንኮቹ ከመዝገቡ ያነባሉ፤ አንድ መስመር ሲታረም ሁሉም ይታረማል። የዕቃው መለያ ቁጥር ብቻ ስለሚለወጥ ለአሥርም ለሺህም ዕቃ አንድ መስመር ይበቃል።

ለደንበኛ ቀድሞ የተላከውን አሮጌ አድራሻ ግን መዝገቡ አያድነውም፤ ወደ አዲሱ የሚመራ ትእዛዝ ያሻዋል። ድረ ገጽ የሚያሠራ ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት ሁለቱም መኖራቸውን ይጠይቅ።