ሁለት ሀርድ ዲስኮች እንዴት እንደ አንድ ይታያሉ?

በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ሀርድ ዲስኮች ተገጥመው ሳለ በስክሪኑ ላይ አንድ ብቻ ሊታየን ይችላል። ይህ ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ዲስኮቹ «ሬይድ» በተባለው ስልት ተጣምረው ሊሆን ይችላል። ስልቱን እ.ኤ.አ. በ1988 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (በርክሌይ) ተመራማሪዎች ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ በጽሑፋቸው አስተዋውቀውታል። ለመሆኑ የጥምረቱን ዓይነት ማወቅ ለምን ያስፈልገናል?

በሬይድ 0 እያንዳንዱ ፋይል ተቆራርጦ በሁለቱ ዲስኮች ላይ በየተራ ይጻፋል። ፍጥነት ይጨምራል፤ ነገር ግን አንዱ ዲስክ ከተበላሸ ሁሉም ይጠፋል። በሬይድ 1 ደግሞ ያው መረጃ በሁለቱም ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ልዩነቱን በስሌት እንመልከት። ለምሳሌ ያህል አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 5 በመቶ ነው፣ የአንዱ መበላሸትም በሌላው ላይ ተጽዕኖ የለውም እንበል። በሬይድ 0 መረጃው የሚተርፈው ሁለቱም ዲስኮች ደህና ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ይኸውም 0.95 × 0.95 = 0.9025 ይሆናል። የመጥፋት ዕድሉ እንግዲህ 9.75 በመቶ ነው። በሬይድ 1 ግን 0.05 × 0.05 = 0.0025፣ ማለትም 0.25 በመቶ ብቻ ነው። ልዩነቱ 39 እጥፍ ነው!

ጥምረቱን ለመለየት በዊንዶውስ 10 ወይም 11 የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጭነን «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን እንከፍታለን። አምራቾች ቴራባይትን 1,000,000,000,000 ባይት ብለው ሲቆጥሩ ዊንዶውስ ግን በ1,024 እያካፈለ ስለሚቆጥር፣ ባለ 1 ቴራባይቱ ዲስክ 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ዲስኮች ተጣምረው 931 ጊጋባይት ያህል ካሳዩ ሬይድ 1 መሆናቸውን እንገምታለን። 1,863 ያህል ካሳዩ ግን ትርፍ ቅጂ የለም ማለት ነው። ለማረጋገጥ ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት፣ በሚከፈተው የሬይድ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ የጥምረቱን ዓይነትና የዲስኮቹን ጤንነት እናነባለን። እዚያ ግን ማንበብ እንጂ መለወጥ አይገባም፤ ጥምረቱን መለወጥ መረጃን ሊያጠፋ ይችላልና።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውስ። ሬይድ 1 ቢሆንም የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም። በስሕተት የሰረዝነው ፋይል ከሁለቱም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል፤ ቫይረስም ሁለቱንም እኩል ያበላሻል። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማጣት የማይሻ ተማሪ ሌላ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ውጭ ያስቀምጥ።