ጆሮ ያልሰማውን ዓይን አያነብም

ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ያነባል ማለት አይደለም። ጀማሪ አንባቢ ፊደላቱን አንድ በአንድ እየጠራ ድምፃቸውን ይገጣጥማል፤ ከዚያ ያገኘውን ድምፅ ጆሮው ቀድሞ ከሚያውቀው ቃል ጋር ያገናኘዋል። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ከሆነ የቱንም ያህል አጥርቶ ቢጠራው ትርጉም አይሰጠውም። በዚያ ላይ አእምሯችን ለአፍታ መያዝ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ልጁ ከእያንዳንዱ ባዕድ ቃል ጋር ሲታገል የዓረፍተ ነገሩ መነሻ መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ይጠፋዋል። ሂሳብ ላይም ያው ነው፤ መደመር እየቻለ ጥያቄው ሳይገባው የሚወድቅ ብዙ ነው።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ከ1ኛ ክፍል አስጀመረ። ሌላው ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሆንበት ክፍል ግን እንደየክልሉ ተለያየ፤ በደቡብ ክልል 5ኛ፣ በአዲስ አበባ 7ኛ፣ በኦሮሚያና በትግራይ 9ኛ። ሳይታሰብ ሰፊ ሙከራ ተካሄደ ማለት ነው። ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶት በ1999 ዓ.ም. የወጣው ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የቆዩት ልጆች በሂሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳየ። ክልሎቹ በመምህርም በኑሮም ይለያያሉ፣ እውነት ነው። ቢሆንም «ቶሎ እንግሊዝኛ ይጀምርልኝ» ለሚል ወላጅ የሚዋጥ ውጤት አልነበረም።

የአገር ውስጥ ቋንቋ መሆኑ ብቻውንም አይበቃም። ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ ተቀራራቢ ናቸው ተብሎ «ወጋጎዳ» የተባለ ድብልቅ ተቀመመና የመማሪያ መጽሐፍ ታተመበት። በማንም ቤት የማይነገር ቋንቋ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፎቹም ቀሩ።

በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ምዘና ደግሞ በሲዳምኛ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ልጆች ከግማሽ በላይ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ያውም በገዛ ቋንቋቸው። ቋንቋው በር ይከፍታል እንጂ ንባብ የሚያስተምረው በዚያ ቋንቋ የሠለጠነ መምህርና ልጁ እቤቱ ይዞት የሚገባው መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ትምህርት ቤት ስትመርጡ «እንግሊዝኛ ከስንተኛ ክፍል ይጀመራል?» ከማለታችሁ በፊት መምህሩ በምን ቋንቋ እንደሚያስረዳና መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ልጅ መድረሱን ጠይቁ።